እትዬ ታየች መብራት ሲገዙ

ገበያ ያለበት አገር ሁሉ አንዲት ዋጋ ሰባሪ ሴት አያጣም። ሻጭ እንዳይጠግብ እግዜር ያዘዛቸው ናቸው መሰለኝ። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ታየች ይባላሉ።

እትዬ ታየች ሮብ ገበያ ሲገቡ ድንች ሻጮች ማዳበሪያቸውን ያጠብቃሉ። «ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩም። «ምን ነካህ?» ነው የሚሉት፤ ሰውየው ዋጋ ሳይጠራ ማፈር ይጀምራል። ባጃጅ ተሳፍረው መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ «አንተ ምን ነዳህ? የወረደው መንገዱ ነው» ይላሉ። የንስሐ አባታቸው ስግደት ሲያዟቸው እንኳ «አባቴ፣ ይህን ጉልበቴን እያዩ?» ብለው ግማሹን አስጥለዋል። ይህን በኩራት የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እኝህ ሴት በቀበሌያችን የመብራት ኮሚቴ ውስጥ ሲመረጡ ደነገጥኩ። እኔም አባል ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ ጸሐፊ አድርገውኛል። ለእኔ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጤና ኬላችን መብራት ስለሌለው የክትባቱ ማቀዝቀዣ ባዶውን ቆሟል። ልጄን ሂዊን አዝዬ በዚያ ጭቃ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ድረስ ስመላለስ ነው የከረምኩት። አሁን መብራት ከፀሐይ ኃይል የሚያመነጭ ኩባንያ ሊተክልልን ነው፤ ከፊሉን ወጪ ድጋፍ ይሸፍናል፣ የቀረውን በየወሩ እኛው እንከፍላለን። እትዬ ታየች ቢያባርሩብንስ?

ሥራውን ለመውሰድ ሁለት ኩባንያዎች ሊወዳደሩ መጡ። ሊቀመንበራችን አቶ እንዳላማው ለየብቻ ሊያነጋግሯቸው ሲሉ፣ እትዬ ታየች ተቆጡ።

«በየጓዳው ምን ያንሾካሹካል? ሁለት ሻጭ ካለ ጎን ለጎን ነው የሚቆመው!»

ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሜዳ አቆሟቸው። አንዱ ዋጋ ጠራ። ሌላው ዝቅ አለ። ያኛው ደግሞ ከእሱ ዝቅ አለ። እትዬ ታየች ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ አንደኛው ላቡን ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ። የቀረው አምደሚካኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነው።

«ቀንስና እንነጋገር» አሉት።

«እናቴ፣ ከዚህ በታች አልወርድም» አለና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ልቤ አብሮት ሄደ።

እትዬ ታየች አፈፍ ብለው ተነሡ። «ቆይ እስቲ። የሚያስፈራህ ምንድን ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት? እርስዎን ነው የምፈራው።»

ሕዝቡ አውካካ። እሱ ግን አልሳቀም። «ዕቃውን የምተክለው ተበድሬ ነው። አንዴ ከተከልኩ ነቅዬ አልሄድም። በዓመቱ ‹ዋጋ ቀንስ› ብላችሁ ብትነሡብኝ የት እደርሳለሁ? ባንኩም ይህንኑ ፈርቶ ወለድ ይሰቅልብኛል፤ እኔም እናንተ ላይ እጨምራለሁ።»

እትዬ ታየች ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ከሻጭ ጎን ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

«ዋጋውን እስከ ውሉ መጨረሻ ላንነካ ብንምልልህስ?»

«እቀንሳለሁ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

«እንግዲያው እኛም አንድ አለን። ላሚቱ ያንተ ትሁን፤ እኛ የምንከፍለው ለታለበው ነው። መብራቱ ከጠፋ ክፍያ የለም።»

«ከጠፋ እኔም እንቅልፍ የለኝም» አለ ኢንጂነሩ። «ይሁን።»

እትዬ ታየች እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «በዚህ መብራት ዋጋ ዳግመኛ አልከራከርም!» አቶ እንዳላማው ደንግጠው ወንበራቸውን ያዙ። «ለመሐላችን እድሩ ዋስ ነው!» ተባለ ከሕዝቡ መሃል። አምደሚካኤል የጠራው አዲስ ዋጋ በዚያ ሁሉ ፉክክር ካወረድነው በታች ሆነ። እልልታችን ጮቄ ተራራ ሳይደርስ አልቀረም!

ዛሬ የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። ሂዊ የመጨረሻ ክትባቷን እዚሁ ሰፈሯ ወሰደች፤ እኔም ጫማዬ ጭቃ ሳይነካው ቤቴ ገባሁ። የመብራት ሒሳብ ሰብሳቢው ሲመጣ እትዬ ታየች ከንፈራቸውን ነክሰው ይከፍላሉ። ሲከፍሉ ያሳዝናሉ።

ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ማዶ ሽማግሌዎች መጡ። እነሱም መብራት ሊገዙ ነውና እትዬ ታየችን እንደ በሬ ሊዋሱን ነው።

«ለሳምንት ስጡን» አሉ።

«ለአንድ ቀን» አልኩ።

«ሦስት ቀን ይሁን፣ ልጄ። ማር ይዘን እንመጣለን።»

«ማሩን አምጡ፤ ቀኑ ግን አንድ ነው። ማታ እዚሁ ያድራሉ፤ ስትወስዷቸውም ስትመልሷቸውም በበቅሎ ነው።»

ተስማሙ። ለካ እትዬ ታየች ከበሩ ጥግ ቆመው ይሰሙናል። ሽማግሌዎቹን ሸኝቼ ስመለስ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው አገኘኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «በእኔ ላይ ምንም አልቀነስሽላቸውም?»

«ቅንጣት!» አልኳቸው።