ሊቀ ቀለማትና የጋሼ ኮድ

በየሙያው ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ሥራ ለመሥራት የሚሰናዱ ሰዎችም አሉ። ሁለተኞቹ የትም አይጠፉም። እንጨቱን ሳይነካ መጋዙን ሲስል የሚውል አናጺ፣ መጽሐፉን በቀለም እያሰመረ እያሰመረ ሳያነበው ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ምሳ ሰዓት የሚደርስበት ጸሐፊ፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አግብታችኋቸዋል። እኔ ግን የማውቀው የሁሉንም አውራ ነው። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠናል።

ማዕረጉ ሊቀ ቀለማት ነው። የሾምነውም እኛው የሥራ ባልደረቦቹ ነን። ሥራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ፕሮግራም የሚጻፍበት ኤዲተር የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ይህ ሶፍትዌር ለዐይን እንዲቀል ብሎ ቃላቱን በየወገናቸው ቀለም ይቀባቸዋል። ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ቁጥሩ ብርቱካናማ ይሆናል። ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ ተብሎ የሚጻፈው ማስታወሻ ደግሞ ግራጫ። ሌሎቻችን ቀለሙን እንደመጣልን ተቀብለን ሥራችንን እንሠራለን። ሊቀ ቀለማት ግን እንደመጣ የሚቀበለው ነገር አልነበረም።

ሥራ የጀመረ ዕለት ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ሲውል አይተን «ይሄ ሰው ሊጨርሰን ነው» ተባባልን። አመሻሹ ላይ በጀርባው ሳልፍ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የቅንፍ ቀለም እየመረጠ ነበር።

«ናማ፣» አለኝ፤ «ይሄ ቢጫ አይጮህብህም?»

«ምንም አልሰማሁም፣» አልኩት።

«ይጮሃል። ዐይን አያርፍበትም።»

ከዚያ በኋላ ዐይን የማያርፍበት ነገር አለቀ ተብሎ አያውቅም። ጥቅስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ታመመ፤ ሰማያዊው ኩራት አበዛ፤ ቀዩ ሰው ይገላምጣል። አንዱን ሲያስታርቅ ሌላው ይጣላበታል። አለቃችን በጠረጴዛው ባለፈች ቁጥር «ወንድሜ፣ ሥራው የታል?» ትለዋለች፤ እሱም አንገቱን ሳያቀና «እሺ አለቃዬ፣ ይቺን ብቻ» ይላታል። «ይቺን ብቻ» የምትባለዋ ነገር ወር ትፈጃለች።

ባለቤቱ አንድ ቀን ልትወስደው መጥታ ደረጃው ላይ አገኘችኝና አንጀቷ እርር እስኪል ነገረችኝ። «አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ብቆም፣ ትንሽ ቢደበዝዝ ለቁጥር ይሆናል አለኝ። እሱስ ይሁን። ልጃችን ተወልዳ ዐይኗን ስትገልጥ፣ ይሄ ጥቁር ንጹሕ ጥቁር አይደለም፣ ሰማያዊ አለበት ብሎ አዋላጇን አስደነገጣት።»

«አለበት እንዴ?» አልኳት።

«አለበት፣» አለችኝ በንዴት። «እሱ እኮ ነው የሚያናድደው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ በሊቀ ቀለማት የማይስቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ጋሼ የሁላችን ታላቅ፣ የሁላችን አስተማሪ ነበሩ። ድሮ ኮምፒውተሮቹ አቅመ ቢስ በነበሩበት ዘመን የራሳቸውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጥረው፣ የአንድን ሆስፒታል የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎች የሚጠብቀውን ፕሮግራም የጻፉት በዚያው ቋንቋ ነው። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ፕሮግራሙ ደወል ያስጮሃል። ዓለም ሁሉ ያንን ቋንቋ ስለማያውቀው ኤዲተሩም አያውቀውም፤ የጋሼ ኮድ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ቀለም የሌለው ጽሑፍ ነው። እሳቸው ለምደውታል። እኛ ደግሞ እሳቸው እስካሉ ድረስ ምን አስጨነቀን።

ጋሼ ግን አልቆዩልንም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጠረጴዛውን ያዝ አደረጉና «ውሃ ስጡኝ» አሉ። ውሃው ሲመጣ ወለሉ ላይ ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናቸው።

ከቀብር መልስ ክፍሉ ጭር አለ። ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ኮዳቸውንም የሚከፍት ጠፋ፤ ሊቀ ቀለማት እስኪከፍተው ድረስ። ከፍቶ አየውና ለአለቃችን «ይህንን ቋንቋ ለኤዲተሩ ላስተምረው» አላት።

«ማለት?»

«ቀለም ላስገባለት።»

አለቃችን ለቅሶ ላይ ያለ ሰው በሚቆጣበት ድምፅ ተቆጣችው። «የሰውየው አፈር እንኳ ሳይደርቅ የቀለም ጨዋታህን ታመጣለህ?»

«ሰውየው ሞቱ፤» አላት ዝግ ብሎ፤ «ኮዳቸውንም አመድ እንደለበሰ ልትተዉት ነው?»

ተወችው። እሱም ቀጠለ። ኤዲተሩ የቱ ቃል ትእዛዝ እንደሆነ፣ ማስታወሻ በምን ምልክት ተከፍቶ በምን ምልክት እንደሚዘጋ አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። ጋሼ መመሪያ አልተዉም። ሊቀ ቀለማት ሰዋስዉን ከራሱ ከኮዱ፣ አጥንት እንደሚለቅም ሰው እየለቀመ አወጣው። እኛ የእሱን ድርሻ ሥራ ደርበን እየሠራን፣ በልባችን እየረገምነው ከረምን።

በዚህ መሐል ሆስፒታሉ ውስጥ ክፉ ነገር ደረሰ። ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ተበላሽቶ አድሮ የሕፃናት ክትባት ሁሉ ጥቅም አልባ ሆነ። ተረኛዋ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ «ደወሉን ሰምታ ዝም ብላለች» ተብላ ከሥራ ታገደች። እሷም ቢሯችን ድረስ መጣች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሞቼ፣ አልጮኸም፣» አለች። «እግዜር ያሳያችሁ፣ ነቅቼ ነበር። አልጮኸም።»

እፊቷ ፕሮግራሙን ፈተሽነው። የመጀመሪያውን ማቀዝቀዣ የሞቀ አስመስለን ስናስነሣው ደወሉ ጆሮ እስኪበሳ ጮኸ። አለቃችን ድምፅዋን አለስልሳ «እህቴ፣ እንደሰማሽው ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ተነሥታ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች። ሁለተኛውን ለብቻው እንሞክር ያለ ሰው አልነበረም። ያው አንድ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ከጮኸ ሌላው ለምን አይጮህም?

ብዙም ሳይቆይ ሊቀ ቀለማት ጠራኝ። እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። የጋሼ ኮድ አምሮበታል፤ ትእዛዙ ለብቻው፣ ቁጥሩ ለብቻው፣ ሰው ሳያስተምርህ የምታነበው ሆኗል። መሐል ላይ ግን አንድ ስክሪን የሚሞላ ጽሑፍ እንዳለ ግራጫ ነው።

«ቀለሙ ተበላሽቶብሃል፣» አልኩት ደስ እያለኝ።

«እኔም እሱን ነው የፈራሁት፣» አለ። ቀኑን ሙሉ የራሱን ደንብ ሲያፈርስና ሲገነባ ዋለ። ጋሼን ለመጠርጠር አልደፈረም፤ ጥፋቱ የእሱ እንዲሆን እየለመነ ይመስል ነበር። በመጨረሻ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«ቀለሙ ልክ ነው፣» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራጫው ከሚጀምርበት ጋሼ ማስታወሻ ከፍተዋል፤ «ከዚህ በታች ያለው» ብለው ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ የለም። ዐረፍተ ነገሩም አላለቀም፤ ማስታወሻውን የሚዘጋው ምልክትም የለም። ማሽኑ ከዚያ ጀምሮ እስከሚቀጥለው መዝጊያ ያለውን ሁሉ ለሰው የተጻፈ መስሎት ዘሎታል። የጋሼ ቋንቋ እንደ ጋሼ ጨዋ ነው፤ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። በዚያ ግራጫ ውስጥ የተቀበረው የሁለተኛው ማቀዝቀዣ ደወል ነበር። ጋሼ ኮዱ ላይ የሚያደርጉት ለውጥ በራሱ ጊዜ ወደ ሆስፒታሉ ማሽን የሚያልፍ ነው፤ ይሄኛው የገባበትን ቀን አየነው። ውሃ ስጡኝ ያሉበት ቀን ነው።

ሰውየው እጃቸው እየከዳቸው እንኳ ከኋላቸው ለምንመጣው ለእኛ ሊያስረዱን እየጻፉ ነበር።

አለቃችን ስትሰማ በሩን ዘጋችው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነው የተናገረችው። «ምልክቷን ጨምርና ዝም በል። ደወሉ ከነገ ጀምሮ ይሠራል፣ በቃ። የሞተ ሰው ስም አታንሣ። ሆስፒታሉም ከሰማ አይምረንም፤ ይሄ ሁሉ ሰው ሥራ ይፈታል።»

«ሴትዮዋስ?» አላት።

«የእሷን ጉዳይ በሌላ መንገድ...»

«በየትኛው መንገድ?»

መልስ ሳይጠብቅ ምልክቷን አስገባ፤ ሁለተኛው ደወል መጮኹን አረጋገጠ፤ የግሉን ላፕቶፕ ኮምፒውተር ይዞ ወጣ። ብቻውን እንዳይሄድ ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት ዛሬም አላውቅም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የጉዳዩ መርማሪ የሆኑት ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ እኮ ፕሮግራም አላውቅም» አሉት።

«እኔም ሕክምና አላውቅም፤ ቀለም ግን ሁለታችንም እናያለን፣» አላቸው። «ባለቀለሙ ይሠራል፤ ግራጫው አይሠራም። ያን ቀን የነበረው ይሄ ነው። የሁለተኛው ማቀዝቀዣ ደወል የት ውስጥ እንዳለ ይዩልኝ።»

ሐኪሙ አዩ። ሴትዮዋ ተጠርታ መጥታ አየች። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ብያችሁ ነበር» ብቻ አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ወደ ሥራዋ መለሷት። ከባልደረቦቿ ጋር ግን እንደ ድሮው አልሆነችም ሲሉ ሰማሁ፤ ሻይ እንኳ ለብቻዋ ነው አሉ የምትጠጣው። አይፈረድባትም።

እኛም አለቃችን እንደፈራችው ሆንን። ሆስፒታሉ ውሉን አቋረጠ፤ ሌሎች ደንበኞችም ወሬውን ሰምተው አንድ በአንድ ሸሹ። የጋሼን ወንበር ጨምሮ ዕቃው ሁሉ ተሸጠ። የመጨረሻው ቀን ማንም ሊቀ ቀለማትን አልተሰናበተውም። እኔም ቻው ሳልለው በአጠገቡ አለፍኩ፤ የቤት ኪራይ ከየት ላመጣ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ የጋሼ ባለቤት ላከችብን፤ ሁለታችሁም ኑ ብላ። የባሏን ስህተት ባደባባይ ያወጣነው እኛ ነን። በሯ ላይ ስንደርስ ሊቀ ቀለማት እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ኮምፒውተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎታል። እትዬ ከፈተችልን። ተቀመጡ አለችን። ተቀመጥን።

«ተሳሳተ የተባለው የቱ ጋ ነው? አሳየኝ፣» አለችው።

ከፍቶ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች። «ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረው ይሄ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ጋ ሲመጣ ራሴን አመመኝ ነው እንጂ ምን እንደሚሠራ ነግሮኝ አያውቅም። እንዲህ ያማረ ነበር እንዴ?»

ሊቀ ቀለማት አንገቱን ደፋ። «ቀለሙ ከእኔ ነው። ነገሩ የእሳቸው ነው።»

ትእዛዙን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም በጣቷ እያስነካ አስረዳት። ግራጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ማሽኑ አያነበውም። ለሰው የሚጻፍ ነው።»

«ታዲያ ለእናንተ እየተናገረ ነበር በለኛ።» በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «ይሄ ቀለም ግን ይከብዳል ልጄ። የሱን ቃል በዚህ አታልብሰው። እንደዚህ አድርገው።» የጠቆመችው የሶፋዋን ትራስ ነው። ትራሱ ሮዝ ነበር፤ አንጀት የሚበላ ሮዝ፣ ያውም በፀሐይ የወየበ።

ይህ ሰው ለአለቃው፣ ለሚስቱ፣ ለእኔ አንዲት ቀለም ዝንፍ አድርጎ አያውቅም። ትራሱን አየው፤ እሷን አየ። «እሺ እትዬ» አላት። እዚያው ቁጭ ብሎ፣ እየጠየቃት፣ «ትንሽ ፈካ ይበል? እንዲህ?» እያለ፣ ጋሼ ለሰው የጻፉትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ሮዝ አደረገው።

ስንወጣ የደረጃው መብራት ተቃጥሎ ነበር። ኮምፒውተሩን ለመዝጋት ሳስቶ እንደተከፈተ አቅፎታል፤ ዐይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያይም። በእሱ የተነሣ ሥራ የፈታሁት እኔ ደግሞ፣ ቢወድቅ እኔ ላይ እንዲወድቅ ከፊት ከፊቱ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ እወርዳለሁ።

«ቀስ በል፤» እለዋለሁ፤ «አንድ ደረጃ አለ። ሌላም አለ።»