ሦስት ጊዜ የተቆለፈ ድምፅ

ጠንቃቃ ሰው ሰላም የለውም። ይህን የምላችሁ ሰምቼ ሳይሆን ሆኜው ነው። የቤቴን በር ስዘጋ መወርወሪያውን እገፋ፣ ቁልፉን አዞር፣ ከዚያም ከኋላው ድንጋይ አስጠጋ ነበር። ላሊበላ ላይ ድንጋይ ሞልቷል፤ ለምን ይቅርብኝ? እናንተም ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ የተመለሳችሁበት ቀን አይጠፋም። ልዩነታችን እኔ ሁለት ጊዜ መመለሴ ነው።

እንግዲህ ልጄ ስንዱ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያዘጋጅላት ያመነችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእኔና የስንዱ ነው። ቀን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች፤ እቤት ስትገባ ኮምፒውተር ላይ ተኩስ ያለበት ጨዋታ ትጫወታለች። የልጅ ነገር ነው ብዬ ንቄው ነበር። ኋላ ግን አዲስ አበባ ያለ የተጫዋቾች ቡድን ሰው እየፈለገ መሆኑን፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት የወልድያ ልጅን በኢንተርኔት ገጥማ ካሸነፈች እንደሚወስዳት ነገረችኝ። በዚህ ጨዋታ ጠላት ከመታየቱ በፊት ኮቴው ይሰማል። ከየት እንደሚመጣ ያልለየ ሞተ። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ማሕሌት ስለቆምኩ ጆሮዬን ታምነዋለች። ሥራ ስትውል እንድሞክርላት ምን ምን እንደምነካ በወረቀት ጽፋልኝ ሄደች።

ካርቶኑ ላይ ሰባት ነጥብ አንድ ይላል። ዙሪያውን ሰባት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ደግሞ ለጎርናናው ድምፅ ማለት ነው ብላኛለች። ከፈትኩት፤ ሁለት ነው። ስፖንጁን አነሳሁ፣ ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩ። ሁለት። ታቅፌው ሻጩ ዘንድ ወረድኩና የቀሩት የት ገቡ ብዬ ጠየቅሁት። ኮምፒውተሩ በስሌት የሚፈጥራቸው ናቸው፣ ቨርቹዋል ይባላሉ አለኝ።

"የሉም ማለት ነው?"

"አሉ አባቴ። ግን የሉም።"

ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ለካ ቀሪውን የሚያስተምሩት እዚህ ኖሯል።

ኮምፒውተሩ ላይ የጫንኩት የማዳመጫው ፕሮግራም ደግሞ ኢሜይል ጠየቀኝ። የጆሮ ማዳመጫ ደብዳቤ ይጽፍልኛል? ቀጥሎ የይለፍ ቃል፣ ያውም ቁጥር የተቀላቀለበት። ቀጥሎ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የጆሮ ፎቶ ጠየቀ፤ ድምፁን በጆሮዋ ልክ ሊሰፋላት። ስንዱን ጠብቄ ጉትቻዋን አስወልቄ አነሳኋት። የግራ ጆሮዋን ፎቶ ስልክለት መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ከኢሜይሉ ጀምሮ እንደ አዲስ ጠየቀኝ።

የወረቀቱ መጨረሻ መስመር "የዙሪያ ድምፁን ያብሩት" ይላል እንጂ የት እንደሆነ አይልም። በማዳመጫው ፕሮግራም ውስጥ አገኘሁና አበራሁት። ደግሜ ስፈትሽ ኮምፒውተሩ ራሱ የራሱ አለው። አበራሁት። ጨዋታው ውስጥም ሦስተኛ ተገኘ። አንዱ ቢከዳ ሌላው ይኖራል ብዬ እሱንም አበራሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ መጠንቀቅ ምን ወሬ አለው?

ሐሙስ ሞከርነው። እኔ ማዳመጫውን አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኮቴው የመጣበትን በመቋሚያ እጠቁማለሁ፤ እሷ ስክሪኑን አይታ ትፈርዳለች። ኮቴው ከፊት መጣ፣ ያው ኮቴ ከኋላም መጣ፣ ጉድጓድ እንደገባ ሰው አስተጋባ። መቋሚያዬ ዞሮ ዞሮ ብርጭቆ ሰበረ። እሷ ራሷ ስትሞክር ደግሞ ሦስት ጊዜ ከጀርባዋ ተገደለች። ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ጆሮዬ ነው አባዬ። ለዚህ አልተፈጠርኩም" አለች።

ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው ነገሩ የበራልኝ። በገና ዕለት ካህናቱ ከፊሉ በገደሉ ጠርዝ፣ ከፊሉ ከታች በግቢው ሆነው ሲያሸበሽቡ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማን የት እንደቆመ እነግራችኋለሁ። እዚሁ አቅራቢያ ብልባላ አንድ ሰርግ ላይ ግን ደጋሹ በየማዕዘኑ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ ከፊቴ የቆመውን ዘፋኝ ከኋላዬ ስፈልግ ውያለሁ። ጨዋታው ያዞረውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ካዞረው፣ ማዳመጫውም ከደገመበት፣ ጆሮ ምን ያድርግ?

ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ።

አትፍረዱብኝ። ብናገር ታሸንፋለች፤ ካሸነፈች ትሄዳለች። ዝም ብል ደግሞ ማብሪያ ነካ ብሎ ሽማግሌን የሚቀጣ ዳኛ የለም። ቅዳሜ ምሳ ቀርቦ አንድ ጉርሻ ሳትነካ፣ ለሰዎቹ ደውዬ ልተወው ነው ስትለኝ ግን ሰሃኑን ገፋሁት።

"ስንዱ፣ ሦስት ቦታ አብርቼዋለሁ።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ሦስት ቦታ? አባዬ፣ በር መሰለዎት እንዴ?"

ሁለቱን አጠፋች፤ የጨዋታውን ብቻ ተወች። መቋሚያዬን አነሳሁ። ግራ ስል ግራ ሆነ፣ ኋላ ስል ኋላ። ከሰዓት የወልድያዋን ልጅ አሸነፈቻት። ጉልበቴን ስማ ስትነሳ መረቅኋት፤ የገዛ ድምፄ ከየት በኩል እንደመጣ ግን እኔም አልለየሁት።

ከሄደች ወር ሊሞላት ነው። አሁን በሬን መወርወሪያውን ብቻ ነው የምገፋው። ቁልፉን ትቼዋለሁ፤ ድንጋዩንም ወደ አጥሩ አንከባልዬዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሌባ አይፈሩም ወይ ይሉኛል። እፈራለሁ እንጂ። ግን ለበዓል እመጣለሁ ብላለች፤ ሳትነግረኝ ቀድማ ብትደርስ፣ ድንጋይ እስክገፋ ደጅ ላስቁማት?