ችሎታን ያገደው መመሪያ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝበት የጻፈው እጅ ዳግመኛ ብዕር አይጨብጥ። ሰባት ሺህ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነው። «ወረታ ውስጥ ሰባት ሺህ ሰው የሚይዝ ጌም ቤት የት አለ?» የሚል ተጠራጣሪ ቢነሳ፣ ሰው ከተዋደደ ይጠጋጋል ብለን እናልፈዋለን።

ቦታው የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚገነጠልበት አካባቢ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣ የኋላሸት የሚባል ጎልማሳ የከፈታት ጌም ቤት ናት። እዚያ ከሚጫወቱት ሁሉ የተከበረው «ሁለቱ ነገሥታት» የተባለው የጦር ጨዋታ ነው። እንደ ሌላው ጌም ጣት መቀጥቀጥና መሯሯጥ የለበትም። አንዱ ንጉሥ ወታደሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው አስቦ፣ አውጥቶ አውርዶ፣ በተራው ይመልሳል። ገበጣ በሉት፤ ጠጠሩ ጋሻና ጦር ይዞ።

በዚህ ጨዋታ በፎገራ ምድር አቻ የሌላቸው አቶ አዛናው ናቸው። ይህንንም ከማንም በላይ አሳምረው የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት የፍትሐዊነት ባለሙያ ሆነው ያገለግላሉ። ሥራው ምን እንደሆነ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰውዬም ሳይገባቸው በክብር ጡረታ ወጥተዋል።

ባሕር ዳር በሚደረገው የዚሁ ጨዋታ ውድድር የሚካፈል አንድ ሰው ይላክ የሚል ደብዳቤ በመጣ ጊዜ አቶ አዛናው ቆመው አነበቡትና «ሰው ተገኝቷል» አሉ። በሦስተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ሸኛቸው። ሙክት ታረደ፤ ጋቢ ለበሱ፤ ኃላፊዋ ወይዘሮ እናኑም «እንደ ጣና ይስፉ» ብለው መረቁ። ማጣሪያ መኖሩ የታወቀው ሙክቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ማጣሪያው ደግሞ ከመምህርት ሰብለ ወንጌል ጋር ሆነ። ከደሴ ተዛውራ የመጣች የሂሳብ መምህርት ናት። ድምጿ አይሰማም፤ ስትሸነፍም ታይታ አታውቅም። እንግዲህ የአቶ አዛናውን ጭንቀት አስቡት። ጋቢ ለብሶ፣ ሙክት በልቶ፣ ተመርቆ፣ ከዚያ እቤት መቅረት! ወረታ ጎርፍ ትረሳለች እንጂ ጋቢ አትረሳም።

ጀግና ግን መላ አያጣም። ሁለት ቀን ቢሯቸውን ዘግተው መመሪያ አረቀቁ። መግቢያው በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነበር፦ «ችሎታ ማለት አንዱ ተወዳዳሪ ከሌላው ተደብቆ ያከማቸው ሀብት በመሆኑ፣ ውድድር ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች እኩል አለመቻላቸው ሲረጋገጥ ብቻ ነው።»

በውድድሩ ዕለት መመሪያውን ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አነበቡ።

«አንቀጽ አንድ። የተሻለ የሚችለው ወገን ከወታደሩ ግማሹን ለደካማው ያውሳል።»

«ደካማው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ አያ አዛናው?» አለ የኋላሸት።

«በመመሪያው!»

«መመሪያው ማንን ይላል?»

«ለጊዜው እኔን ይላል። ለጊዜው ነው እንግዲህ።»

«ታዲያ ደካማ ከሆኑ ምን ብለው ሸኙዎት?»

«አንቀጽ ሁለት!» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ታላቅ ሰው የተሳሳተ እርምጃ ቢራመድ ‹አልተራመድኩም› ይላል። ታናሽ ያየውን አያይም። አንቀጽ ሦስት፣ ታናሽ ከማሸነፉ በፊት ያስፈቅዳል።»

ሰባቱ ሺህ ሰው በእልልታ አጸደቀው።

ከዚያ ሁለቱ ተፋላሚዎች ተቀመጡ። በዚህ ጨዋታ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ግማሹን እንዳሸነፈ ነው፤ ሆኖም ወግ ወግ ነውና አቶ አዛናው «መምህርት፣ ይቅደሙ» አሉ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

«በሞቴ!»

«በእግዜር! ታላቅ ተቀምጦ?»

«እንዲያውስ አፈር ስሆን!»

በጨዋነት ሃያ ደቂቃ ተፋለሙ። እነሱ ሲገባበዙ ማሽኑ ሰዓት ይቆጥር ኖሮ ከሁለቱም አገር ሦስት ሦስት መንደር ተቃጠለ። በመጨረሻ አቶ አዛናው «ለእርስዎ ክብር ስል» ብለው ቀደሙ።

ስልሳ የነበረው የመምህርቷ ጦር በአንቀጽ አንድ ሠላሳ ሆነ፤ የሳቸው ዘጠና። ዘጠናውንም ከሐይቁ ዳር በተንጣለለው ሜዳ ላይ በሰልፍ አቆሙት። ጦር ሜዳ ላይ ያምራላ! መምህርቷ ሠላሳዋን ይዛ ኮረብታ ላይ ወጣችና ማሳ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ አለች።

«አያ አዛናው፣ ሰማዩ ጠቁሯል» አለ የኋላሸት።

«የቱ ሰማይ?»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው። በየአምስቱ ተራ ወቅት ይቀየራል እኮ። ክረምት ሊገባ ነው፤ ከሜዳው ይውጡ።»

«ፎገራ ተወልጄ፣ ፎገራ አድጌ፣ ስለ ውሃ አንተ ልትነግረኝ?»

በፎገራ ክረምት ሲገባ ከብቱ ሳይቀር ሜዳውን ለቆ ወደ ደረቁ መሬት ይወጣል። ከብቱ ግን መመሪያ አላረቀቀም። ሐይቁ ሞላ፤ ዘጠናው ጦር ከነሰልፉ፣ ከነነጋሪቱ ተንሳፈፈ።

«አልተራመድኩም!» ብለው ጮኹ አቶ አዛናው።

በአንቀጽ ሁለት መሠረት ውሃው ወደኋላ ተመለሰ፤ የሰመጠው ሁሉ ልብሱን እየጨመቀ ተነሣ። ደግመው እዚያው ሜዳ ላይ አሰለፉት። ደግሞ ጎርፉ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰመጡ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልተራመዱም። በሃያኛው መምህርቷ ከኮረብታው ሳትወርድ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ላሸንፍ?»

«አልፈቀድኩም።»

በቃ። ፍትሕ አሸነፈች! አርባ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ከተማዋን ዞረ፤ የጭነት መኪኖች ቆመው አሳለፉ፤ አንበሳሜ ድረስ ሰው እልልታውን ሰምቶ «ምን ተገኘ?» ተባባለ።

በማግሥቱ አቶ አዛናው በጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አስረዱ። ሠራተኛው ቆሞ አጨበጨበ። ወይዘሮ እናኑ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ የጉዞውን ደብዳቤ ሊፈርሙ ብዕር አነሡና ቆም አሉ።

«ለቃለ ጉባኤው ያህል አንድ የዓይን ምስክር ይፈርም።»

የኋላሸት ተጠራ። መዝገቡን ተቀበለ፤ ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ አልፈረመም።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «ያን ሁሉ ሰው አላየህም እንዴ?»

«እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መምህርቷስ?»

«መመሪያው ሲነበብላት ሳቀችና ፈተና ላርም ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው በባዶ ከሚመለሱ ብዬ ከማሽኑ ጋር አጋጠምኳቸው። ‹ጀማሪ› በሚለው ደረጃ አድርጌ።»

አቶ አዛናው ጣሪያውን ይመለከቱ ጀመር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

«አሸነፋቸው» አለ የኋላሸት። «በአራተኛው ተራ። ክረምቱ እንኳ አልገባም ነበር።»