አውቶብሱ ከጀሶው አልወጣም አለ

ትልቅ ሰው ሲጫወት አገሩ አይወድለትም። ካርታ ቢጫወት ግድ የለም፤ ኳስ ሲያይ ቢውል፣ ሰው ሲያማ ቢያመሽ ማንም «ምን ነካው?» አይለውም። ጢም ያበቀለ ሰው ጎንበስ ብሎ ክንድ የማታህል አውቶብስ ሲሠራ ከተገኘ ግን መጀመሪያ ለሚስቱ ያዝኑላታል፣ ቀጥሎ ፓስተር ይጠሩለታል። በእኔ ሁለቱም ደርሷል። ሆሳዕና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ መኪና በትንሹ አስመስዬ እሠራለሁ። እናንተም ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

ታዲያ አንድ እሁድ በሬን ያንኳኳችው ሰላማዊት ልትስቅ አልመጣችም። ሰላማዊት ነርስ ናት። አባቷ አቶ ላምቦሬ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ሲመላለሱ ያረጁ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው፤ በዚያ መንገድ እሳቸው ያልጫኑት ሰው ካለ በእግሩ የሄደ ብቻ ነው። ጡረታ ወጥተው ቁልፉን ካስረከቡ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፣ ጫማቸውን ያስራሉ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ።

«አባዬ እቤት ተቀምጦ ጠፋብን» አለችኝ። «ቅዳሜ ዘመድ ሰብስበን ልናመሰግነው ነው። እባክህ መምህር፣ ያንን አውቶብሱን ሥራልን።»

ከእንጨት ጠርቤ ብሰጣት ኖሮ ወሬው እዚህ ላይ ባለቀ። ጉራዬ አላስቀመጠኝም። «እንጨትማ ይሰነጠቃል፣ በሬዚን ነው የማወጣላችሁ» አልኳት። ሬዚን የተሰበረ የመኪና ፓራውልት የሚጠግኑበት፣ ማር የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ማጠንከሪያ ጠብ ሲደረግበት ድንጋይ ይሆናል። ከእንጨት የጠረብኩትን አውቶብስ ቅርጹን በሁለት ግማሽ ጀሶ እወስዳለሁ፣ ግማሾቹን ገጥሜ ባዶው ውስጥ ሬዚን አፈሳለሁ፣ ሲጠነክር ማውጣት ነው። ማውጣት! ቃሉን ስጽፈው እንኳ ያልበኛል።

ሬዚኑን የሸጡልኝ የቀለም ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሽኩር ናቸው። እየቀዱልኝ፣ «ጀሶ ጠጪ ነው፤ አስቀድመህ ቫርኒሽ አጠጣው። ሲደርቅ የወለል ሰም ስስ አድርገህ ቀባና ወልውል፤ ደግመህ ቀባ፣ ወልውል። ሬዚኑን ካፈሰስክ በኋላ ቀኑን ሙሉ እንዳትነካው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዲግሪ አለኝ። ዲግሪ ያለው ሰው ምክር ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይሰማም።

ማክሰኞ ምንም ሳልቀባ አፈሰስኩ። ጀሶው ሬዚኑን ከበረሃ እንደመጣ ሰው ጠጣው። ብስብ፣ ብነቀንቅ፣ ብለምን ወይ ፍንክች። መዶሻ አነሳሁ። የወጣው ነገር ግማሹ አውቶብስ ነው፣ ግማሹ ገደል። ባለቤቴ ብርቄ በበሩ ብቅ ብላ አየችውና፣ «ሰው ተርፏል?» ብላ ሄደች።

ረቡዕ ሁለተኛውን ጀሶ ሠራሁ። ሰም ልገዛ ብወጣ ጋሽ ሽኩር «አልነገርኩህም?» ሊሉኝ ነው። የሚያንሸራትት ነገር ቤት ውስጥ ስፈልግ ዓይኔ ብርቄ ለመስቀል ከጃጁራ ባስመጣችው ቅቤ ላይ አረፈ። ቅቤ የማያሾልከው ምን ነገር አለ? ወፈር አድርጌ ለቀለቅሁት። ሰዓቱን ሳልጠብቅ ሳወጣው እውነትም ሾለከ። ነገር ግን የጣቴ ምልክት ሁሉ ጣራው ላይ ተቀርጿል፣ መስኮቶቹ ተንሸዋረዋል፣ ገላው አልደርቅ ብሎ ይጣበቃል። ፀሐይ ይምታው ብዬ ደጅ ባስቀምጠው የጎረቤት ድመት መጥታ ከፊት መብራቱ መላስ ጀመረች። እሷን ሳባርር ብርቄ ደረሰች። መጀመሪያ አውቶብሱን አሸተተች፣ ከዚያ እኔን።

«የመስቀሉ ቅቤ ነው?»

በሐዲያ ምድር በመስቀል ቅቤ ቀልዶ በሰላም ያደረ ባል ካለ አሳዩኝ። ሰማሁ፣ ብዙ ሰማሁ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያለችኝ ነው የቆረጠኝ፦ «የሚጠብቁህ የሰላማዊት አባት ናቸው። ያንተ ጉራ መሞከሪያ አይደሉም። ሂድና የነገሩህን አድርግ።»

ሄድኩ። ጋሽ ሽኩር ገና አፌን ሳልከፍት ቫርኒሹንና ሰሙን አቀበሉኝ፤ ይህ ከስድብ ይብሳል። የዚያኑ ዕለት ሦስተኛውን ጀሶ ሠርቼ ቫርኒሽ አጠጣሁት። ሐሙስ ሰሙን ቀባሁ፣ ወለወልኩ፣ ቀባሁ፣ ወለወልኩ፣ አፈሰስኩ። ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳስተምር ልቤ ያለው ጀሶው ዘንድ ነው። እቤት ደርሼ በመዶሻው እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግሁት። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አውቶብሱ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ከቅርፊቱ ዱብ አለ። ጩኸቴን ሰምታ እጄን የቆረጥኩ መስሏት የሮጠችው ብርቄ ጣራውን በጣቷ ዳሰሰችና በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከብርቄ ይህን ማግኘት ሜዳልያ ነው።

ቅዳሜ እነ ሰላማዊት ቤት ዘመድ ተሰበሰበ። ፓስተሩ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚያህል ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው አውቶብስ አቶ ላምቦሬ እጅ ገባች። ሁሉም እንባ ይጠብቃል፤ ሰላማዊት መሐረብ አዘጋጅታለች። ሰውየው አገላበጡ፣ አገላበጡና በጥፍራቸው ሆዷ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር ነኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሁለቱ የጀሶ ግማሾች የተጋጠሙበት ነው።»

«ታዲያ ሳይሰበር እንዴት ወጣ?»

«የመጀመሪያውማ ተሰብሯል» አልኩና፣ ከአፌ አመለጠኝ፣ መዶሻውንም ቅቤውንም ድመቷንም ነገርኳቸው። አቶ ላምቦሬ ሳቁ። ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የተጠበቀው እንባ መጣ፣ ያመጣችው ግን ድመቷ ናት። ሰላማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መሐረቡ ለራሷ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አቶ ላምቦሬ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ጣሳ ይዘው ቆመዋል። «ግሪስ ሞክረሃል?» አሉኝ። ጤና ይስጥልኝ እንኳ የለም።

ግሪሱ አልሠራም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀሩም። ጀሶውን እንደ ሞተር በጆሯቸው ያዳምጡታል። የመክፈቻው ሰዓት ሳይደርስ እጄን ብዘረጋ መዳፌን መታ ያደርጉኛል። ሲቆጡ በሐዲይኛ ነው፣ ሲያመሰግኑ በአማርኛ፤ እስካሁን አማርኛ ብዙም አልሰማሁም። ሐቁን ለመናገር ግን እሳቸው ከመጡ ወዲህ አንድም ሥራ ጀሶ ውስጥ አልቀረብንም።

ሰሞኑን አንድ ሰው ሚኒባሱን ሊያሠራ ከሀደሮ ድረስ መጣ። እጄን እየጠረግሁ ላነጋግረው ወደፊት ብል፣ አቶ ላምቦሬ በክንዳቸው መለስ አደረጉኝ።

«ከኔ ጋር ተነጋገር» አሉት። «እሱ ረዳቴ ነው።»

የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እንግዳው ቀደመኝ።

«ረዳት፣ እስቲ ያችን ወንበር አቀብለኝ።»

አቀበልኩት።