የተካልኝ ታርጋ እስራት

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ፦

የደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ስሙን ጠርቼ ክብሩን የማልቀንሰው አንድ የጁባ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ከሰፈራችን ከኮር ዊሊያም በሚወጣው መንገድ ዳር የመኪና ታርጋ እያነበበ የሚመዘግብ ካሜራ አቆመልን። ሰፈራችን የቧንቧ ውሃም መብራትም የለውም። ነገር ግን ሁሉም በቅደም ተከተል ነው፤ ከመጠጣት በፊት መታየት ይቀድማል። ለካሜራው ጄኔሬተር ተገዛለት፣ ለጄኔሬተሩ ደግሞ ዘበኛ ተቀጠረለት።

እኔ መንበረ እዚያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ስላለኝ የምረቃውን ንግግር ቆሜ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው የካሜራው ኃላፊ ካፕቴን ሳይመን ነበር፤ በስደት ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም።

«ንጹሕ ሰው ካሜራ አይፈራም» አለ።

አጨበጨብን። የፈራን እንዳንመስል ስለፈራን፣ በደንብ አጨበጨብን።

በወሩ ሪፖርት ወጣ። ካሜራው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ታርጋ አንብቧል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም የአንድ መኪና ሆነው ተገኙ። መኪናው ከወንዝ እየቀዳ ለሰፈራችን የሚያመላልሰው የአገሬ ልጅ የተካልኝ የውሃ ቦቴ ነው። የጁባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሌላው መኪና ታርጋ ቀይ አቧራ ለብሷል። የተካልኝ ቦቴ ግን የኋላ መክፈቻው ያፈሳል፤ ውሃው ቀኑን ሙሉ ታርጋው ላይ ሲወርድ ይውላል። በከተማው የሚነበብ ታርጋ የእሱ ብቻ ነበር። ይህንን ለዘበኛው እንኳ ነግሬዋለሁ፣ ነገር ግን በአፍ የተነገረ ነገር ፋይል አይሆንም።

ተካልኝ ተጠራ። አብሬው ሄድኩ።

«ጁባ ውስጥ ስንት መኪና አለ?» አለው ሳይመን።

«ብዙ ነው፣ ካፕቴን።»

«ታዲያ ለምን አንተ ብቻ ትታያለህ?»

«ውሃ ሳመላልስ ነዋ።»

«እሁድ ውሃ አታመላልስም። አራቱንም እሁድ ግን ወደ ጀበል ኩጁር አልፈሃል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰሃል። እዚያ ማን አለ?»

ተካልኝ አቀረቀረ። «እሱ የግሌ ነው።»

«ቅጹ ላይ “የግል” የሚል ቦታ የለም።»

ጀበል ኩጁር ሱቅ ያላት ዝማሬ የምትባል ልጅ አለች። ተካልኝ ገና ሽማግሌ አልላከም፤ ሽማግሌ ሳይልክ ደግሞ የሰው ልጅ ስም ፖሊስ ፋይል ላይ አላስጽፍም ብሎ ዝም አለ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ዝምታውን በአክብሮት ተቀብሎ «ከባድ ማስረጃ» በሚለው ሥር መዘገበው። ቦቴው ታሰረ።

ቦቴው ሲታሰር ተካልኝ እጁ ባዶ ቀረ፤ ሌላ እንጀራ የለውም። የእኔ ጓዳ ጥግ ተቀምጦ በሩን ሲያይ ይውላል። ካሜራው በበኩሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንንም አላየም። ሁለተኛው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ተጠርጣሪው ተሽከርካሪ በቁጥጥር ሥር ከዋለ ወዲህ፣ በመንገዱ ላይ አንድም ተጠርጣሪ አልታየም።» ለሳይመን የምስጋና ደብዳቤ መጣለት።

«እንግዲህ ይፈታ» ብዬ ለመንኩት።

«ብፈታው ይታያል፣ እትዬ መንበረ» አለኝ ሳይመን ከልቡ አዝኖ። «ከታየ ደግሞ ሪፖርቴ ምን ሊሆን ነው?»

መልስ ይዛ የመጣችው የካፕቴኑ ሚስት ኛሩዋች ናት። ቢሮው ገብታ ባዶ ጀሪካን ፋይሉ ላይ አስቀመጠች።

«ሞዮ ማፊ» አለች፤ ውሃ የለም ማለቷ ነው። «ልጆችህ ገላቸውን ከታጠቡ ስንተኛ ቀናቸው ነው?»

«ነገሩ የሕግ ነው፣ ኛሩዋች።»

«እሺ። ሕጉ ሄዶ ይቅዳልኝ።»

ሳይመን ጀሪካኑን አንስቶ ፋይሉን እንደገና ገለጠ። የተማረ ሰው መላ አያጣም። ካሜራው ያነበበው መኪናውን ሳይሆን ታርጋውን እንደሆነ ደረሰበት፤ እንግዲያው ተጠርጣሪው ታርጋው ነው፣ መኪናው አብሮ በመገኘቱ ብቻ ተንገላቷል። ካቻቢቴ አስመጥቶ ታርጋውን በገዛ እጁ ነቀለው። ታርጋው ክፍል ገብቶ ተቆለፈበት፣ ቦቴው በነጻ ተለቀቀ። ለተካልኝም «ታርጋው በእስር ላይ ስለሚገኝ ያለ ታርጋ ሲንቀሳቀስ ትብብር ይደረግለት» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። የመጀመሪያውን ውሃ ያራገፈው ካፕቴኑ ቤት ነው።

ወሬ ጁባ ውስጥ ይሮጣል። በሳምንቱ የከተማው ሾፌር ያንን ወረቀት ፍለጋ ታርጋውን እየነቀለና እየወለወለ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር «እኔም እኮ እጠረጠራለሁ፣ ካፕቴን፤ አይተኸኝ ስለማታውቅ ነው» እያለ ሲለምን በጆሮዬ ሰማሁት። ሳይመን ደግ ሰው ነው፣ ማንንም አልመለሰም። ክፍሉ ሞላ።

ይህን ያህል እስረኛ ያለ ጠባቂ አይተውምና ሁለተኛ ካሜራ ተገዝቶ ታርጋዎቹ በታሰሩበት ክፍል ውስጥ ተሰቀለ። እዚያ አቧራ የለም፤ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ያነባል። ተካልኝ ውሃውን ያመላልሳል፤ ባለፈው እሁድም ሦስት ሽማግሌ ጋቢና ውስጥ አጣብቆ በመጀመሪያው ካሜራ ሥር አለፈ፣ ማንም አልመዘገበውም። የወሩ ሪፖርት ትናንት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አነበብኩት። በመንግሥት ማስረጃ መሠረት፣ ተካልኝ ወሩን ሙሉ ከዚያ ክፍል ለአንዲት ደቂቃ አልወጣም።