የዶክተር ብርቅነሽ ዱላ

እሑድ ጠዋት ልጁ የታመመበት ሰው የት ይሄዳል? እኛ ሰፈር ሜዳ ይሄዳል። ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ወደ ላይ ስትሉ ያለው አቧራማ ሜዳ ማለቴ ነው። እዚያ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሰፊ ሱሪ የለበሰች፣ ዱላ የያዘች ሴት ታገኛላችሁ። አትፍሩ፣ የሕፃናት ሐኪም ናት። የመምታት ተራዋ እስኪደርስ ልጁን ታየዋለች። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፋለች፣ አፉን ታስከፍታለች፣ ነገ ሆስፒታል አምጪው ትላለች። ከዚያ ተነሥታ ልትመታ ትሄዳለች። ኳሱን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። አንዲት እናት ግን ዱላውን አይታ ልጇን አዝላ ሮጣለች አሉ። ልጁ ጀርባዋ ላይ ላብ አጥምቆት ትኩሳቱ ለቀቀው ይባላል። እኔ አላየሁም።

ሐኪሟ እህቴ ናት። ዶክተር ብርቅነሽ።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። አታውቁትም? እኔም አላውቀውም ነበር። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው ሦስት ቦታ እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ኳሱ ከቀደመው ወጣ። እሱ ከቀደመ አንድ ነጥብ። በቃ። አንድ ቀን፣ ሰው ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይህን ያህል ምን ያሯሩጠዋል? ብዬ ጠየቅኋት። አንተ ስንት ዓመት ፈጀብህ? አለችኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከቤት ጠፍቼ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። ፈልጋ ያገኘችኝ እሷ ናት።

የሸማኔ ልጆች ነን፣ ሽሮ ሜዳ ያደግን። እናታችን ቶሎ ሞተች። ብርቅነሽ ለአባታችን ክር እያጠነጠነች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነው የተማረችው። ዳቦ ለሁለት ስትቆርስ ትልቁ ቁራሽ ሁልጊዜ በስህተት ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ሐኪም ስትሆንም በስህተት ትልቁን ለሌላው መስጠት አልተዋትም።

ወደ ቤዝቦል የገባችው ልጇን ለማስመዝገብ ሄዳ ነው። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸው። እሷ ቀረች። ቀስ በቀስ ባሏን ጎተተች፣ ሴት ልጇን ጎተተች፣ ጎረቤት ጨመረች። እኔን ጉልበቴ ስለማይረዳኝ ነጥብ መዝጋቢ አደረገችኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ አንድም ቀን አሸንፈን አናውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እኛ ዘጠኝ ሆነን ድመት አላሰርንም።

አባታችን ሰማንያ አልፈዋል። የሚኖሩት እሷ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ግፊታቸውን ሳትለካ፣ ጉልበታቸውን ሳትስም ከቤት አትወጣም። እሳቸው ግን ዱላዋን አልወደዱላትም። ይባስ ብሎ እድር ላይ አንዱ፣ ዶክተሯ ማንን ልትደበድብ ነው? ብሎ ጠየቃቸው። ያን ቀን እራት ላይ ፈረዱ። የፊታችን እሑድ ከተሸነፋችሁ ሜዳው ድረስ መጥቼ ዱላውን እረከባለሁ፤ ሁለተኛ አትይዥውም አሏት። እሺ አባባ አለች። ለአባቷ የሰጠችውን ቃል አጥፍታ አታውቅም። እኔ ሳህኔን አየሁ። ነጥብ መዝጋቢ ስለሆንኩ ውጤቱን አውቀዋለሁ።

እሑድ ደረሰ። ተጋጣሚዎቻችን ከቦሌ በኩል የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ መለያቸው አንድ፣ ጫማቸው አንድ። ምን እንደነካን አላውቅም፣ እስከ መጨረሻው ዙር እኩል ደረስን። የማጥቂያው ተራ የእኛ ነው። እህቴ መትታ፣ ሮጣ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ቆማለች። እስከ ተነሣችበት ቦታ ሠላሳ ምናምን እርምጃ ይቀራታል። ከገባች አሸነፍን። ግን የቀረን አንድ መቺ ብቻ ነው፤ እሱም ባሏ። ባሏ ደግ ሰው ነው። ኳስ ግን አይመታም።

ይኼኔ አባታችን በሜዳው በር ገቡ። ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ዱላውን ሊረከቡ።

ሽማግሌ ሲገባ ምን ይደረጋል? ተመልካቹ ኖር ብሎ ተነሣ። ዳኛው ኮፍያውን አወለቀ። የእነሱ ኳስ ተቀባይ ጭምብሉን አንሥቶ እጅ ነሣ። ወርዋሪያቸውማ፣ ያሳደጉት ይባረኩ፣ ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በሩ ድረስ ሄደና በሁለት እጁ ጨበጣቸው። መቀመጫ ድንጋይም ይፈልግላቸው ጀመር። ጨዋታው ይቁም ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

እህቴን አየኋት። አባቷን አየች። ፊት ለፊቷ ያለውን መሬት አየች። እኛ ቤት አባት ሲገባ ሰላም አለማለት ምን እንደሚያመጣ የእኔ ጀርባ ያውቃል። እሷም ቆማ አይታለች።

ሮጠች።

ወርዋሪው ዞር ሲል እሷ በሆዷ ተንሸራትታ ገብታለች። ባሏ ዱላውን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ነው። አሸነፍን። ሴቶቹ እልል አሉ። ወርዋሪው ልጅ ሊያለቅስ ደረሰ። ዳኛውን ትቶ አቤቱታውን ለአባታችን አቀረበ።

"አባቴ፣ እኔ እኮ እርስዎን ላክብር ብዬ ነው።"

እህቴ አቧራዋን እንኳን ሳታራግፍ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አባታችን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ልጄ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ" አሉት። "እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ መወርወሪያው እጄ ላይ እያለ እንግዳ ቢመጣ እንኳን ልነሣ ቀናም አልልም። ሥራ የያዘ ሰው አይነሣም። አንተ ሥራህን ብብትህ ውስጥ ከተህ መጣህ። እሷ ሥራዋ ላይ ነበረች።"

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ሩጫሽ ደህና ነው። ሱሪሽ ግን ተቀዷል።"

ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ስማ ስትነሣ ጋቢያቸው በአቧራ ቀልቶ ነበር። እኔ ነጥቡን መዘገብኩ። አንድ ቁጥር ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ።

ትምህርቱን ሁላችንም በደንብ ያዝነው። በሚቀጥለው እሑድ አባታችን አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ማንም ሳይጠራቸው ሜዳ መጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ። ወርዋሪ አልተነቃነቀም። ዳኛ ኮፍያውን አልነካም። እኔም መዝገቤን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሥራ ላይ ነኛ።

ተቀየሙን። እስከ ረቡዕ አላናገሩንም።