ጎረቤት የሌላት ልጅ

የተከበረ ሰው ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ የሚደብቃት አንዲት ነውር አለችው። «እኔ የለኝም» የሚላችሁ ካለ በሩን እስኪዘጋ ታገሱት! የኔዋ ነውር ርካሽ የግድያ ፊልም ናት። ታውቋታላችሁ... ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚጨርስባት። ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሬሳው ይተነፍሳል። አንዴማ የሞተው ልጅ አፍንጫውን ሲያክ አይቻለሁ። እና እወዳታለሁ፤ ምን ላድርግ?

ችግሩ እኔ እዚህ መካነ ሰላም ከተማ ምክትል ርዕሰ መምህር መሆኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ የደም ፊልም አእምሮ ያበላሻል እያልኩ የምመክረው እኔ ነኝ። ከተማሪ ፍላሽ የምቀማውም እኔ ነኝ። የተቀማው ፍላሽ ወዴት እንደሚሄድ እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ!

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለቤቴ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ነኝ። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ጋቢዬን ተከናነብኩ፣ አንዷን ፍላሽ ሰካሁ። ወዲያው የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅረው ጀመር። አልሰማ ሲለኝ ድምፁን ጨመርኩ። ዝናቡ ባሰበት፤ እኔም ጨመርኩ። እንዲህ እልህ ተጋብተን ስንሄድ ጭምብላሙ ልጅቷን ጓዳ ውስጥ አገኛት። በዚያችው ቅጽበት ዝናቡ ቀጥ አለ። ልጅቷ ግን ገና መጮህ መጀመሯ ነበር።

እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ሪሞቱ ጋቢዬ ውስጥ ጠፋብኝ። አግኝቼው ቴሌቪዥኑን እስካጠፋ ድረስ ሦስት ጊዜ ጮሃለች። በሩን ስከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ የእድራችን ዳኛ ጋሽ አራጋው ከነዱላቸው ከፊት ቆመዋል። እኛ ሰፈር ጩኸት ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው የለም።

ምን ተፈጠረ አሉኝ። «ኧረ ምንም የለም» አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ። እንግዲህ አገራችንን ታውቃላችሁ... መርዶ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ምንም የለም» ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቁ ጀመር። ሁላችንም ደህና ነን ብል አንዷ እንባዋን ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ደህና ነው ባልኩ ቁጥር ለቅሶው እየደመቀ መጣ።

በዚህ መሀል ሰዉ መንገድ ከፈተ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ከድጃ ባዶ እግራቸውን መጡ። አንድያ ልጃቸው ራህመት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያኔ ስልኳ ከተዘጋ ሳምንት ሆኖት ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ በቀጥታ ለእናት አይነገርም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ተሰባስቦም ያረዳታል። እትዬ ከድጃ ይህን ያውቁታል፤ ስንቱን ቤት ሄደው ራሳቸው አርድተዋል።

አላለቀሱም። በሩን ተደግፈው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«መምህር፣ የራህመት ነው?»

«አይደለም እትዬ ከድጃ፣ ወላሂ አይደለም።»

«አትደብቀኝ ልጄ። እኔም ለሰው እንዲህ ብዬ አውቃለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔም እንኳ ለአንድ አፍታ አመነታሁ፤ ክብር ክፉ ነገር ነው። እስካሁን ያሳፍረኛል። ከዚያ ሪሞቱን አንስቼ ተጫንኩት።

ልጅቷ ካቆመችበት ጮኸች። ሰዉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አለ፤ ጋሽ አራጋው ዱላቸውን አነሱ። ከዚያ መጥረቢያውን አዩ፣ ድልሁን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራህ ይሄ ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ይሄ ነው አልኳቸው።

እትዬ ከድጃ ወንበሬ ላይ ዘፍ ብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እንባቸው የወረደው ያን ጊዜ ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ግማሹ እንኳ ለራሴ ነበር።

ለለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ደጅ ረግጦ አይመለስም። ሶፋው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ። ቴሌቪዥኑን አጥፋው የሚል አልተገኘም። እትዬ ከድጃ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ጭምብላሙ ልጅቷን ከክፍል ክፍል ሲያሳድዳት ተመለከቱ።

በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ስትጮህ» አሉ፣ «ይቺ ልጅ ጎረቤት የላትም?»

ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ፊልም ሳይ ይቺ ጥያቄ አንድ ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። ያ ጭምብላም እኛ ሰፈር ቢመጣ እኮ ፊልሙ አምስት ደቂቃ አይሞላም!

ራህመት በማግስቱ ደወለች፤ ስልኳ ውኃ ገብቶበት ኖሯል። እድሩም የኔን ጉዳይ ተወያይቶ ወሰነ። ጎረቤት እንዳይደነግጥ፣ ከእንግዲህ ፊልም ከመክፈቴ በፊት ለሰፈሩ እንዳስታውቅ ታዘዝኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ በታዘዝኩት መሠረት ዞሬ አስታወቅሁ። ጋቢዬን ይዤ ሳሎን ስመለስ የምቀመጥበት አጣሁ። ወንበሬ ላይ እትዬ ከድጃ ተቀምጠዋል። ጋሽ አራጋው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። ዱላው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬ እንኳ ከደረስንላት ብዬ ነው» አሉኝ።